የፍራንሷ ዤራርን “ኩፒድና ሳይኪ” በዘይት ቀለም ገልብጦ ለመሣል

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ፍራንሷ ዤራር “ኩፒድና ሳይኪ” የተባለውን ሥዕሉን በ1798 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሳሎን በተባለው የፓሪስ ታላቅ የሥዕል ዐውደ ርእይ ለሕዝብ ሲያቀርብ ገና የ28 ዓመት ወጣት ነበር። ሥዕሉ ዛሬ በሉቭር ቤተ መዘክር ይገኛል፤ ቁመቱ 186፣ ወርዱ 132 ሴንቲ ሜትር ነው። አንዲት ወጣት ሴት፣ ሳይኪ፣ እጆቿን ወደ ደረቷ ሰብስባ በሣርና በአበባ መካከል ተቀምጣለች፤ ክንፍ ያለው ወጣት፣ ኩፒድ፣ ከአጠገቧ ጎንበስ ብሎ ግንባሯን ይስማል፤ ከራሷ በላይ አንዲት ቢራቢሮ ትበራለች። ሴቲቱ የሚስማትን አታየውም። የወጣቱም እጆች ሰውነቷን ከበው ሳለ ገና የነኳት አይመስሉም።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ከዚህ በፊት የዘይት ቀለም በመጠኑም ቢሆን ለሞከረና አንድን ታላቅ ሥዕል በመገልበጥ እጁን ማፍታታት ለሚፈልግ ሰው ነው። ሥራው በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ለሚሠራ ሰው፣ ቀለሙ የሚደርቅበትን ጊዜ ጨምሮ፣ ሁለት ወር ያህል ይፈጃል። ሰውነቱንና ጨርቁን በትዕግሥት የሚሠራ ሁሉ ይወጣዋል። የሚያስቸግረው በእጁና በቆዳዋ መካከል ያለው ጠባብ ክፍተት ነው፤ የሥዕሉ ርኅራኄ ያለው እዚያ ስለሆነ ከመጀመሪያው የእርሳስ መስመር እስከ መጨረሻው ብሩሽ ድረስ ያንን ክፍተት መጠበቅ ይገባል።

ታሪኩን አስቀድሞ ማወቅ

የሚገለብጡትን ነገር ሳያውቁ መገልበጥ የማያውቁትን ቋንቋ ፊደል እንደ መቅዳት ስለሚሆን፣ ብሩሽ ከማንሣትዎ በፊት አንድ ምሽት ለታሪኩ ይስጡት። ታሪኩን ጽፎ ያቆየልን በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው፣ ዛሬ አልጄሪያ በምትባለው አገር በማዳውሮስ ከተማ የተወለደው የላቲን ጸሐፊ አፑሌየስ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ታሪኩን የምታወራው አንዲት አሮጊት ናት፤ የምታወራውም ወንበዴዎች ጠልፈው ላመጧት ልጃገረድ፣ እንድትጽናና ነው።

ሳይኪ ከሦስት እኅትማማቾች ታናሽና እጅግ ውብ የሆነች የንጉሥ ልጅ ነበረች። ሕዝቡ ቬነስን ትቶ ለእሷ መስገድ ሲጀምር የውበት አምላክ የሆነችው ቬነስ በቅናት ተቃጥላ፣ ልጇ የፍቅር አምላክ ኩፒድ ሳይኪን ከወራዳ ሰው ጋር በፍቅር እንዲጥላት አዘዘችው። ኩፒድ ግን ራሱ ወደዳት። ሳይኪ በነፋስ ወደ ተሠወረ ቤተ መንግሥት ተወሰደች፤ ባሏ የሆነው ኩፒድም በጨለማ ብቻ እየመጣ ሳይነጋ ይሄድ ጀመር፤ ፊቱን ለማየት እንዳትሞክርም አስጠነቀቃት። እኅቶቿ ጥርጣሬ ዘሩባትና አንድ ሌሊት ኩራዝ ለኩሳ ተመለከተችው፤ የጋለ ዘይት ጠብታ ትከሻው ላይ ስትወድቅ ነቅቶ በረረ። ከዚያ በኋላ ቬነስ የጫነችባትን ፈተናዎች፣ የተደባለቀ የእህል ክምር ከመለየት ጀምሮ እስከ ሙታን አገር ወርዶ እስከ መመለስ ድረስ ተወጥታ፣ በመጨረሻ ዘላለማዊ ሕይወት ተሰጥቷት ከባሏ ጋር ተገናኘች።

ለሠዓሊው ከዚህ ሁሉ የሚያስፈልጉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የስሟ ትርጉም ነው፤ በግሪክኛ ይኸው ቃል ነፍስም ቢራቢሮም ማለት ነው፣ ሳይኮሎጂ የሚለው ቃልም ከዚሁ ይመጣል። ስለዚህ ከራሷ በላይ ያለችው ቢራቢሮ ለጌጥ የገባች አይደለችምና በሥራው መጨረሻ እንደ ተረፈ ነገር ጣል ማድረግ አይገባም። ሁለተኛው ጨለማው ነው። በታሪኩ ውስጥ ሳይኪ ባሏን የማታየው ሌሊት ስለሆነ ነው፤ ዤራር ግን ትዕይንቱን ወደ ሜዳና ወደ ቀን ብርሃን አወጣው፤ ጨለማውን ከሌሊቱ ወስዶ በዓይኗ ውስጥ አስቀመጠው ማለት ይቻላል። ይህ ስለ ዓይኖቿ በምንናገርበት ጊዜ ይጠቅመናል።

ስለ ዘመኑ በአጭሩ፦ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በጣልያን የሄርኩላኒየምና የፖምፔ ከተሞች ሲቆፈሩ የጥንቱ የሮማና የግሪክ ጥበብ እንደገና የአውሮፓን ዓይን ሳበ። ከዚህ የተነሣው ኒዮክላሲካል የሚባለው የአሣሣል መንገድ ጥርት ያለ ንድፍን፣ ሐውልት የመሰለ ሰውነትን፣ የብሩሽ ዱካ የማይታይበት ልስልስ ገጽን ይወዳል። ዤራር የዚህ መንገድ አውራ የነበረው የዣክ ሉዊ ዳቪድ ተማሪ ነበር። የሁለቱ አካላት ዕርቃን መሆንም ከጥንቱ ሐውልት የተወረሰ ነው፤ ቅጂውን ሳሎን ውስጥ ሊሰቅሉት ካሰቡ ግን ከቤተ ሰብ ጋር አስቀድሞ መነጋገር አይከፋም።

መጠንና ዕቃ

ለሙሉ ቅጂ 62 በ44 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሸራ እንዲወጥሩ እመክራለሁ። ይህ የዋናው ሥዕል አንድ ሦስተኛ ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው። ለእርሳስ ንድፉ ደግሞ ከኤ4 ጥቂት የሚበልጥ፣ 31 በ22 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወረቀት ይቁረጡ፤ ይኸኛው አንድ ስድስተኛ ነው። ምናልባት ፓሪስ ወይም አቅራቢያዋ የሚኖሩ ከሆነ ሉቭር ራሱ ሥዕሎቹ ፊት ቆመው ለሚገለብጡ ሰዎች ፈቃድ ይሰጣል፤ ቅጂው ከዋናው በመጠን መለየት እንዳለበትና የሠዓሊው ፊርማ እንደማይገለበጥ ደንብ አለው። ሌሎቻችን ቤተ መዘክሩ በድረ ገጹ ላይ ለሁሉም ክፍት ካደረገው የስብስቡ ፎቶ እንሠራለን። ፎቶውን ሁለት ጊዜ ያሳትሙት፦ አንዱን በቀለም፣ አንዱን በጥቁርና ነጭ። የስልክ ማያ ቀለሙን ከስልክ ስልክ ስለሚለውጥ ስልክን ብቻ እያዩ መሥራት ያሳስታል።

ሸራው ጥሩ ጥጥ ወይም ተልባ እግር ይሁን፤ በሠዓሊዎች ጄሶ ሦስት ጊዜ ተቀብቶ በየመካከሉ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይፈተግ። ጄሶ ስል በቆርቆሮ የሚሸጠውን፣ በብሩሽ የሚቀባውን የሥዕል ጄሶ ማለቴ ነው፤ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ሄደው ጄሶ ቢጠይቁ የሚሰጥዎት የኮርኒሱ ዱቄት ሸራ ላይ ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። ገጹ የእንቁላል ቅርፊት ያህል ልስልስ እስኪሆን ድረስ አይርኩ፣ ሸካራ ሸራ ላይ የዤራርን ቆዳ ማምጣት አይቻልምና።

ቀለሞቹ ጥቂት ናቸው፦ ቲታኒየም ነጭ፣ ቢጫ ኦከር፣ ካድሚየም ቀይ፣ አሊዛሪን ቀይ፣ የተቃጠለ ሲየና፣ ጥሬ አምበር፣ አይቮሪ ጥቁርና ፕሩሲያን ሰማያዊ። የዚያን ዘመን ሠዓሊዎች ከእርሳስ ማዕድን የሚሠራውን ነጭ ይጠቀሙ ነበር፤ መርዛማ ስለሆነ ቤት ውስጥ ባይገባ ይሻላል። ማቅጠኛው ንጹሕ ተርፐንታይን ይሁን፤ ለቤት ቀለም የሚሸጠው አኳራጅ ጥራቱ ስለሚለያይ ብሩሽ ለማጠብ ያቆዩት። ዘይቱ የተጣራ የሥዕል የተልባ ዘይት ይሁን። ተልባን ጠጥተን ያደግን ሰዎች ዘይቱን ከማጀት ማምጣት ሊያምረን ይችላል፤ ነገር ግን ለምግብ የተጨመቀው ዘይት ለሥዕል ስላልተጣራ ይበልጥ ይቢጫል፣ ሌላው የምግብ ዘይት ደግሞ አብዛኛው ጨርሶ ሳይደርቅ ተጣብቆ ይቀራል።

ንድፉ

በወረቀቱ ላይ ባለ 2 ሴንቲ ሜትር አራት ማዕዘኖችን በቀላል እርሳስ ያስምሩ፤ ወደ ጎን 11፣ ወደ ታች 15 ተኩል ይሆናሉ። በጥቁርና ነጩ ኅትመት ላይም ቁጥራቸው እኩል የሆነ መስመር ያስምሩ። ከዚያ በፊት ግን ያለ ምንም መስመር፣ በሌላ ቁራጭ ወረቀት ላይ፣ ሁለቱን አካላት እንደ አንድ ቅርጽ አድርገው በከሰል ሁለት ሦስት ጊዜ ጫር ጫር ያድርጉ። መስመሩ ልክን ይሰጣል እንጂ የጎንበስታውን ዜማ አይሰጥም፤ ከኩፒድ ጀርባ ተነሥቶ በአንገቱ በኩል ወደ ሳይኪ ግንባር የሚወርደው ቅስት በእጅዎ ውስጥ ካልገባ ንድፉ የልብስ ስፌት ልክ ይመስላል።

በመስመሩ ላይ መጀመሪያ የሚቀመጡት ነጥቦች የሚከተሉት ይሁኑ፦ የሳይኪ ግንባር፣ አገጯ፣ የአንገቷ ጉድጓድ፣ የሁለቱም ጉልበቶቿ ጫፍ፣ የኩፒድ ትከሻዎችና የእጆቹ ጣቶች ጫፍ። ነጥቦቹ በትክክል ከተቀመጡ ቀሪውን በቀጭን መስመር ያገናኙ። የሰውነቱን ሙላት ለመረዳት ከከበደዎት፣ በዚያው በሉቭር የሚገኘውን የአንቶኒዮ ካኖቫን የዕብነ በረድ ሐውልት ፎቶ አጠገብዎ ያኑሩ፤ ካኖቫ ከ1787 እስከ 1793 የሠራው ያ ሐውልት እነዚሁኑ ሁለቱን በሌላ ሰዓት፣ ኩፒድ ሳይኪን ከሞት መሰል እንቅልፍ ሲያነቃት ያሳያል። እዚያ ሁለቱም ተቃቅፈዋል፤ እሷም እጆቿን ወደ እሱ ዘርግታለች። ያንን አይቶ ወደ ዤራር የተመለሰ ሰው፣ እዚህ እቅፉ ገና አለመዘጋቱን በደንብ ያስተውላል።

ንድፉ ሲያልቅ ባለ 4 ሴንቲ ሜትር መስመሮች ባሰመሩበት ሸራ ላይ በከሰል በእጅ ያስተላልፉት። ከሰሉን በቀጭን ጥሬ አምበር ካጠነከሩ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ያራግፉ።

በአንድ ቀለም መሥራት

ከዚህ ቀጥሎ ሸራውን ሁሉ በጥሬ አምበርና በጥቂት ነጭ በተሠራ፣ እጅግ በቀጠነ ግራጫ ይሸፍኑትና ሁለት ቀን ያድርቁት። ከዚያ ነጭና አምበር ብቻ ቀላቅለው አምስት የብርሃን ደረጃ በፓሌቱ ላይ ያዘጋጁ፤ በእነዚህ አምስቱ ብቻ ሥዕሉን በሙሉ ይሥሩ። ንጹሕ ነጭን አይጠቀሙ። በዚህ ደረጃ ላይ ጥድፊያ ትልቅ ጉዳት ያመጣል፤ ብርሃንና ጥላው እዚህ ካልተስተካከለ በኋላ የሚመጣ ቀለም አያድነውም።

ክፍተቱ የሚሠራው አሁን ነው። አንድ ነገር በገዛ እጅዎ ይሞክሩ፦ ማታ መብራት ሥር ተቀምጠው አንዱን መዳፍ በሌላው ክንድ ላይ አሳርፉት፤ በመገናኛው ላይ ክር የመሰለች ጥቁር ጥላ ታያላችሁ። ከዚያ መዳፉን የጣት ውፍረት ያህል ብቻ ከፍ ያድርጉት። ያቺ ጥቁር ክር ወዲያው ትጠፋና በምትኳ ፈዘዝ ያለ፣ ጠርዙ የለሰለሰ፣ ከእጁ ትንሽ ራቅ ብሎ የሚወድቅ ጥላ ይመጣል። ዓይን ሳያውቀው ነካ ወይም አልነካ ብሎ የሚፈርደው በዚህች ልዩነት ነው። እንግዲህ በኩፒድ ጣቶችና በሳይኪ ቆዳ መካከል ያንን ጥቁር ክር ፈጽሞ አያስገቡ፤ ጥላውን ለስላሳ፣ ጠርዙን የማይያዝ አድርገው ይተዉት። የጣቶቹም ጫፍ እንዳይጠፈጠፍ ይጠንቀቁ፤ የተጫነ ጣት ይጠፈጠፋል፣ ያልተጫነ ጣት ክብ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ንብርብር ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ያድርቁ።

የቆዳው ቀለም

ለቆዳው አራት ክምር ያዘጋጁ። የመጀመሪያው ነጭ ከጥቂት ቢጫ ኦከርና ከመርፌ ጫፍ ካድሚየም ቀይ ጋር ነው። ሁለተኛው እሱው ራሱ ኦከርና ቀዩ ጨመር ብሎበት ነው። ሦስተኛው ከብርሃን ወደ ጥላ የሚያሻግረው ነው፤ ሁለተኛውን ክምር ይወስዱና ጥቁርና ኦከር ሲቀላቀሉ የሚሰጡትን አረንጓዴ መሰል ግራጫ በጥቂቱ ይጨምሩበታል። አራተኛው፣ የጥላው፣ አምበርና የተቃጠለ ሲየና ነው፤ ነጭ አይገባበትም ማለት ይቻላል። ጀማሪ ሁሉ ሦስተኛውን ክምር ይዘላል፤ ቆዳው እንደ ተቀባ ሸክላ የሚመስለውም በዚህ ምክንያት ነው። ያ ግራጫ ከቆዳ ሥር ያለው ደም ነው ብለው ቢያስቡት ይቀልዎታል።

በደረቀው ግራጫ ሥዕል ላይ ዘይት በስሱ ይቀቡና በጨርቅ ይጥረጉት፤ ከዚያ ቀለሙን በትንሽ በትንሹ፣ ከሥር ያለው ብርሃንና ጥላ እንዲታይ አድርገው ያሳርፉ። በአንድ ቀን ከአንድ ክፍል በላይ አይጀምሩ፤ ዛሬ ፊቷን፣ ነገ ትከሻዋን። ክምሮቹ ጎን ለጎን ከተቀመጡ በኋላ ደረቅ፣ ሰፊና ለስላሳ ብሩሽ ወስደው መገናኛቸውን እንደ አቧራ ማራገፍ ያህል ብቻ ይዳስሱት፤ ከሦስት ከአራት ዳሰሳ በኋላ ብሩሹን በጨርቅ ይጥረጉ። ይህ ልስልስነት ለአንዳንድ ተመልካች ቅዝቃዜ ይመስለዋል፤ እኔም ዤራርን ከዳቪድ ጎን ሳየው አልፎ አልፎ እንዲሁ ይሰማኛል። ሆኖም በዚህ ሥዕል ብሩሹ ቢታይ ኖሮ ያ ያልተነካ ቆዳ የተነካ ይመስል ነበር። እያንዳንዱ አዲስ ንብርብር ከበፊቱ ትንሽ ጨመር ያለ ዘይት ይኑረው፤ ከሥር ዘይት የበዛበት፣ ከላይ ዘይት ያነሰው ቀለም ከጊዜ በኋላ ይሰነጣጠቃል።

ዓይኖቹ

የመጀመሪያ ቅጂዬን ያበላሸሁት ዓይኖቿ ላይ ነው። ፊቷ ካማረልኝ በኋላ ነፍስ ልዝራባት ብዬ የዓይኗን ብሌን ከግማሽ ሚሊ ሜትር ባልበለጠ መጠን ወደ ኩፒድ አዞርኩት፤ የብርሃን ነጥቧንም ከዋናው አድምቄ አስቀመጥኩ። ውጤቱ ዓይነ አፋር ሙሽራ ሆነ። ሳይኪ የሳማትን አየችው፤ ታሪኩም አለቀ። እናቴ አይታው “ይቺስ አውቃ ነው” አለችኝ፤ ከሰማኋቸው ትችቶች ሁሉ ትክክለኛው እሱ ነው።

ስለዚህ የሁለቱን ብሌኖች ቦታ በንድፉ ላይ በማስመሪያ ለክተው ያስቀምጡ። ሳይኪ ወደ ፊት ታያለች፤ አስተያየቷ ግን በማንም ላይ አያርፍም። ይህን ለማምጣት የዓይኑን ነጭ በነጭ ቀለም አይሥሩ፤ ከግራጫው ሦስተኛ ክምር ይጠቀሙ። የብሌኑን ጠርዝ አያጥሩት፤ በለስላሳ ብሩሽ ጫፍ ያፍዝዙት። የላይኛው ሽፋሽፍት የሚጥለውን ጥላ አይርሱ። ከንፈሯም እንዲሁ ነው፤ ፈገግታ ከተጨመረባት ያወቀች ትመስላለች። ዳቪድ ራሱ ከ19 ዓመት በኋላ፣ በ1817፣ በብራስልስ በስደት ሳለ እነዚሁኑ ሁለቱን ሥሏቸዋል፤ ሥዕሉ አሁን በአሜሪካ በክሊቭላንድ የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ነው። እዚያ ኩፒድ ወደ ተመልካቹ ዞሮ ጥርሱን የሚያሳይ ጎረምሳ ነው። አንድ ፈገግታ የትዕይንቱን ጠባይ ምን ያህል እንደሚለውጥ ለማየት ከዚያ የሚሻል ማስረጃ አላውቅም።

ጨርቁ፣ መሬቱና ቢራቢሮዋ

የሳይኪን ወገብና እግሮች የሸፈነው ስስ ነጭ ጨርቅ የሚሠራው ከሥሩ ያለው እግር ተሠርቶ ከደረቀ በኋላ ነው። መጀመሪያ እግሩን እንደ ዕርቃን ሙሉ በሙሉ ይጨርሱ፤ ሲደርቅ ነጭን በዘይት በጣም አቅጥነው እንደ ጭጋግ ይጎትቱበት፤ እጥፋቱ በሚደራረብበት ብቻ ነጩን ያወፍሩ። የነጠላን ጥበብ የሚያውቅ ዓይን ይህን ወዲያው ይረዳዋል፤ ነጠላ አንድ እጥፍ ሲሆን የሥሩን ልብስ ያሳያል፣ አራት እጥፍ ሲሆን ይደብቃል።

የኋላው መልክዓ ምድር ከአካላቱ ጋር አይፎካከር። ሰማዩን በነጭና በጥቂት ፕሩሲያን ሰማያዊ ይሥሩ፤ ይህ ሰማያዊ ኃይለኛ ስለሆነ በቢላዋ ጫፍ ብቻ ይጨምሩት። ሩቁ ኮረብታ ወደ ሰማያዊነትና ወደ ፍዘት ያዘነብላል። ከእግራቸው ሥር ያለውን ሣርና አበባ በተቃራኒው በቀጭን ብሩሽ ጥርት አድርገው ያሳዩ። የኩፒድን ክንፍ ላባ በላባ ከመቁጠርዎ በፊት በሁለት በሦስት ሰፋፊ የብርሃን ክፍል ከፍለው ያስቀምጡት።

ቢራቢሮዋ በዚህ መጠን ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ናት። ሰማዩ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ፣ እጅዎን በዱላ አስደግፈው፣ በአንድ ትንፋሽ ይሥሯት፤ ከተበላሸች በጨርቅ ጠርገው እንደገና ይሞክሩ። እኔ ሰባት ጊዜ ጠርጌያታለሁ።

ማድረቅና መጨረስ

ሥዕሉን ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው፣ አየር በሚገባበት፣ አቧራ በሌለበት ክፍል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ዘንበል አድርገው ያቁሙት። ሲነኩት ቢደርቅም ውስጡ ገና ነው፤ የመጨረሻው ቫርኒሽ የሚቀባው ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ከቆየ በኋላ ነው። በተልባ ዘይት የራሱ ጨርቆችን ጨማደው ጥግ አይጣሉ፤ ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያመነጭ ክምሩ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግተው ውጭ ያድርቋቸው ወይም ውኃ ባለበት ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ይክተቱ።

በሸራው ጀርባ ላይ፣ ፊት ለፊት ሳይሆን፣ “ከዤራር የተገለበጠ” ብለው ስምዎንና ዓመቱን ይጻፉ።